የንቦችን ንጉሥ እናት ሆና ያገኛት ሰው

በቋንቋችን የንብ መንጋ መሪ አውራ ይባላል። አውራ ዶሮ፣ አውራ ጣት፣ አውራ ጎዳና ስንል እንደምናስበው ሁሉ ቃሉ ታላቅነትንና አለቅነትን፣ ብዙ ጊዜም ወንድነትን ያመለክታል። መንጋው ከቀፎ ነቅሎ በወጣ ጊዜም የሚፈለገው አውራው ነው፤ አውራው ከተያዘ ሌላው ተከትሎ ይገባልና። ነገር ግን ይህ አውራ የተባለው ንብ ወንድ አይደለም፤ በትክክል ከተነገረ አለቃም አይደለም። የመንጋው ሁሉ እናት ናት።

ቋንቋችንን በዚህ ነገር ለብቻው መውቀስ አይገባም። አሪስቶትል በመጻሕፍቱ የንቦችን መሪ ንጉሥ ብሎ ጠርቶታል፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንትም አብዛኞቹ ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ይህንኑ ሲደግሙ ኖረዋል። እርግጥ ነው፣ ሉዊስ ሜንዴዝ ደ ቶሬስ የተባለ ስፔናዊ በ1586፣ ቻርልስ በትለር የተባለ እንግሊዛዊም በ1609 ንጉሥ የተባለው ሴት መሆኑን ጽፈዋል። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ጽፎ ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ የንቢቱን ሆድ ከፍቶ፣ እንቁላሎቿን እንደ ዶቃ በክር ተሰክተው አሳይቶ፣ ሥዕሉንም ነድፎ ክርክሩን መዝጋት ሌላ ነገር ነው። ይህን ያደረገው ያን ስዋመርዳም የተባለው የሆላንድ ሰው ነበር።

ስዋመርዳም በየካቲት ወር 1637 በአምስተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። በዚያ ዘመን የሆላንድ መርከቦች እስከ ሩቅ ምሥራቅ እየሄዱ ይመለሱ ስለ ነበር፣ ከወደብ የሚራገፈው ሸቀጥ ብቻ አልነበረም፤ ዛጎሉም፣ የሸክላው ሥራም፣ የደረቀው እንስሳም፣ ያልታወቀው ድንጋይም ይራገፍ ነበር። አባትየው ይህን ሁሉ እየገዛ ቤቱን የብርቅ ዕቃ መጋዘን አደረገው። ልጁ ያደገው እነዚህን ዕቃዎች እየጠረገና በየዓይነታቸው እየለየ ነው። አባትየው ልጁ ቄስ እንዲሆንለት ቢመኝም ልጁ እምቢ አለ፤ በመጨረሻ በሕክምና ተስማሙና በ1661፣ በሃያ አራት ዓመቱ፣ ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ላይደን የገባበት ጊዜ የተባረከ ነበር ማለት ይቻላል። አብረውት ከተማሩት መካከል ኋላ ስለ ዕጢዎችና ስለ ድንጋይ ንጣፎች ባደረገው ምርምር ዝነኛ የሆነው ዴንማርካዊው ኒልስ ስቴኖ፣ እንዲሁም ራይኒር ደ ግራፍ ይገኙበታል። በ1660ዎቹ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮም ሜልሺሴዴክ ቴቬኖ የተባለ ባለጸጋና የዕውቀት ወዳጅ ቤቱን ከፈተለት፤ ይህ ሰው እስከ ሞቱ ድረስ የማይለየው ረዳቱ ሆነ። በ1667 ስለ አተነፋፈስ በጻፈው ድርሰት የሕክምና ዶክትሬቱን ተቀበለ። እነሆ እንግዲህ አባት ደስ ይበለው! ዶክተሩ ግን በሽተኛ ለማየት ፈቃድ አልነበረውም። የእርሱ ልብ በትልና በቢራቢሮ ላይ ነበር።

ይህ እንደ ቀልድ እንዳይታይ የዘመኑን አስተሳሰብ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የተማሩት ሰዎች ሳይቀሩ ስለ ነፍሳት ሦስት ነገር ያምኑ ነበር፤ አንደኛ፣ ከጭቃና ከበሰበሰ ሥጋ በራሳቸው ይፈልቃሉ፤ ሁለተኛ፣ በሆዳቸው ውስጥ እንደ ታላላቆቹ እንስሳት የተለየ የሰውነት ክፍል የላቸውም፤ ሦስተኛ፣ አባጨጓሬ ቢራቢሮ ሲሆን የቀድሞው ሞቶ ሌላ ፍጥረት ይተካል። የደም ዝውውርን የገለጠው ታላቁ ዊልያም ሃርቪ እንኳ በ1651 ባሳተመው መጽሐፉ እንስሳት ሁሉ ከእንቁላል ይገኛሉ የሚለውን ሐሳብ ሲያራምድ፣ ስለ ነፍሳት አለዋወጥ ግን አሮጌውን መንገድ አልለቀቀም። በ1668 ፍራንቼስኮ ሬዲ በፍሎሬንስ ሥጋን በጨርቅ ሸፍኖ ዝንብ ካላረፈበት ትል እንደማያወጣ አሳየ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1669፣ ስዋመርዳም ስለ ነፍሳት ጠቅላላ ታሪክ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ።

ከዚያ መጽሐፍ አንድ ዓመት በፊት አንድ ደስ የሚል ነገር ሆኖ ነበር። የቶስካናው መስፍን ልጅ ኮዚሞ ደ ሜዲቺ ሆላንድን ሲጎበኝ ወደ ስዋመርዳም ቤት መጣ። ስዋመርዳም አንድ አባጨጓሬ ወስዶ ቆዳውን በረቂቅ መሣሪያ ገፈፈና ከውስጡ የታጠፉትን የቢራቢሮ ክንፎች እያወጣ ለእንግዳው አሳየው። ሞቶ ሌላ የተተካ የለም፤ ያው አንዱ ፍጥረት በቆዳው ሥር ሲዘጋጅ ነበር ማለት ነው። ኮዚሞ በጣም ተገርሞ፣ ቦርሃፈ የተባለው ሐኪም ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚገኘው፣ ስብስቡን በ12,000 ፍሎሪን ልግዛህ፣ አንተም ወደ ፍሎሬንስ መጥተህ በቤተ መንግሥታችን ተቀመጥ አለው። ስዋመርዳም እምቢ አለ። የጌታ ቤት ሰው መሆን አልወደደም፤ ለገንዘብ ሲባል ሃይማኖቱን እንዲለውጥ የሚገፉት መስሎም ታይቶታል።

እምቢታው ግን ዋጋ ነበረው። በሠላሳ ዓመቱ አልፎ አሁንም የአባቱን እንጀራ ይበላ ነበርና። አባትየው፣ እኔ እንደሚመስለኝ ያለ ምክንያት አይደለም፣ ተቆጣ፤ ሐኪም ሆነህ ካልሠራህ ገንዘብም ልብስም የለህም አለው። ልጁ እሺ ብሎ ጤናውን አደላድሎ ሊመለስ ወደ ገጠር ወጣ፤ ገጠር ግን ነፍሳት የሞሉበት ነው፤ መሣሪያውን አውጥቶ እንደ ገና ጀመረ። ከመካከላችን ቤተሰቡ በአንድ ትምህርት ልኮት በልቡ ሌላ ትምህርት የሚያጠና ካለ፣ ይህን የአምስተርዳም ልጅ በቀላሉ ይረዳዋል። ልዩነቱ፣ ብዙዎቻችን በዚያ ጊዜ ውስጥ የምንሠራው ስዋመርዳም የሠራውን ያህል አለመሆኑ ነው።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ እርሱ ነው። መቀሶቹና ቢላዎቹ እጅግ ረቂቆች ስለ ነበሩ የሚስላቸው በአጉሊ መነጽር እያየ ነበር። መስተዋት አቅልጦ እንደ ጸጉር የቀጠነ ቱቦ እየሳበ፣ በዚያ ቱቦ በአንዲት ነፍሳት የደም ሥር ውስጥ ቀለም ወይም አየር ይነፋ ነበር። የሰውነቷን ስብ በተርፔንታይን አሟሙቶ ያስወግደውና ነርቮቿንና የእንቁላል ቱቦዎቿን ጥርት አድርጎ ያወጣቸው ነበር። በበጋ ወራት ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር በፀሐይ ላይ ራሱን ገልጦ ይቀመጣል፤ ባርኔጣ ቢያደርግ ጥላው ብርሃኑን ይከለክለዋልና። ከቀትር በኋላ ዓይኑ ደክሞ ከማጉሊያው ሥር ያለውን መለየት ስለሚያቅተው ያቆማል፤ ሌሊቱን ያየውን ይጽፋል፣ ይስላል። ስለ ንብ ያደረገውን ጥናት በዚህ ዓይነት ፈጽሞ ሲነሣ ጤናው እንደ ቀድሞው አልተመለሰም።

በዚህ ጥናት ሦስቱ የቀፎ ነዋሪዎች ተለይተው ታወቁ። ሥራ ፈት የምንላቸው ድንጉላዎች የወንድ አካል ያላቸው ወንዶች ሆነው ተገኙ። ማር የሚሠሩትና የሚናደፉት ሠራተኞች የወንድ አካል የላቸውም፤ እንቁላልም አላገኘባቸውም። ንጉሥ የተባለው ግን ሆዱ ሲከፈት ከዳር እስከ ዳር በሁለት ታላላቅ የእንቁላል ዘለላዎች የተሞላ ሆነ። እያንዳንዱ ዘለላ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት ሲሆን፣ በየቱቦው ውስጥ እንቁላሎች ከታናሹ እስከ ታላቁ ተራ ይዘው ተሰልፈዋል። ስዋመርዳም የነደፈው ይህ ሥዕል ዛሬም የንብ አካል ጥናት ሲነሣ የሚጠቀስ ነው። በአንድ ነገር ግን ተሸነፈ፤ ንቢቱ ከወንድ ጋር ስትገናኝ ማየት ስላልቻለ፣ የድንጉላዎቹ ሽታ ብቻ ያስረግዛታል ብሎ ደመደመ። በአየር ላይ እየበረረች እንደምትገናኝ የታወቀው ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ነው።

ደግሞም ጠበኛ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በ1672 ስለ ሴት ማኅፀን አንድ መጽሐፍ አሳትሞ፣ የሴት ልጅ እንቁላል መኖሩን ቀድሜ ያመለከትሁ እኔ ነኝ በማለት ከቀድሞ የትምህርት ጓደኛው ከደ ግራፍ ጋር ክርክር ገጠመ። ክርክሩ ወደ ለንደኑ ንጉሣዊ ማኅበር ደረሰ። ደ ግራፍ በ1673፣ ገና በ32 ዓመቱ ሞተ፤ ማኅበሩም ቀዳሚነቱን ከሁለቱ ለአንዱም ሳይሰጥ ለስቴኖ ሰጠው። ለዚህ ነገር የጠፋው ቀለምና ወዳጅነት ያሳዝናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ስዋመርዳም በአባጨጓሬው ቆዳ ሥር ክንፉን፣ በዕንቁራሪቷ ዕጭ ቆዳ ሥር እግሩን ባየ ጊዜ አንድ ታላቅ ሐሳብ አደረበት። በፍጥረት ዓለም አዲስ ነገር አይሠራም፤ ሁሉ አስቀድሞ በእንቁላሉ ውስጥ አለ፤ ጊዜው ሲደርስ ያድጋል፣ ይገለጣል እንጂ አይፈጠርም ብሎ አመነ። ሐሳቡንም እስከ ሥነ መለኮት አደረሰው፤ የሰው ልጅ ሁሉ አስቀድሞ በመጀመሪያዎቹ ወላጆቻችን ውስጥ ነበር ካልን፣ የአዳም ኃጢአት እንዴት ለሁላችን እንደ ተረፈ ይገባናል አለ። ይህ ትምህርት በአውሮፓ ከመቶ ዓመት በላይ ሠለጠነ። በ1759 ካስፓር ፍሪድሪክ ቮልፍ የዶሮ እንቁላልን አጥንቶ፣ በውስጡ የተሠራ ጫጩት የለም፤ አካሉ ደረጃ በደረጃ ከማይመስለው ነገር ይሠራል ብሎ ተነሣበት። ኋላም ሊቃውንቱ ወደ ቮልፍ አዘነበሉ፤ ስዋመርዳም ከሁሉ አብልጦ የወደደው ሐሳብ ወደቀ።

ወደቀ ብዬ እዚህ ላይ ባቆም ግን ታሪኩን አጎድለዋለሁ። በእንቁላሉ ውስጥ የተጣጠፈ ንብ ባይኖርም እንቁላሉ ባዶ አይደለምና። የኪነ ጥበብ ተማሪ ስለሆንሁ የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቼ ያስረዱኝን በራሴ ቃል ልንገር። እናቲቱ እንቁላሉን ከመጣሏ በፊት ከራሷ ጂኖች ብዙ ግልባጭ ታወጣለች። ዋናው መዝገብ ከሹሙ ሣጥን ሳይወጣ ግልባጩ ለሚሠራበት ክፍል እንደሚላክ፣ እነዚህም መልእክተኛ አር ኤን ኤ የሚባሉ ግልባጮች ወደ እንቁላሉ ይጫናሉ። በፍራፍሬ ዝንብ ሲታይ እያንዳንዱ እንቁላል አሥራ አምስት እኅት ሕዋሳት አሉት፤ እነርሱ ሞግዚቶች ናቸው። በመካከላቸው ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ያላቸውን ሁሉ ለእንቁላሉ አፍስሰው ራሳቸው ይጠፋሉ። በንብም ሞግዚት ሕዋሳት አሉ፤ ስዋመርዳም በሣላቸው በእነዚያ ቱቦዎች ውስጥ ከእንቁላሎቹ ጋር እየተፈራረቁ ተሰድረዋል።

ግልባጮቹ በዘፈቀደ አይበተኑም። በዝንቡ እንቁላል ባይኮይድ የተባለው ጂን ግልባጭ በፊተኛው ጫፍ፣ ናኖስ የተባለው ደግሞ በኋለኛው ጫፍ ይታሰራል። እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ከባይኮይድ ግልባጭ ፕሮቲን ይሠራል፤ ፕሮቲኑም በፊተኛው ጫፍ በዝቶ ወደ ኋላ እያነሰ ይሄዳል። ራስ የሚሆነው ወገን፣ ደረት የሚሆነውም ወገን ቦታውን የሚያውቀው በዚህ መብዛትና ማነስ ነው። ፅንሱ ራሱ ከአባትና ከእናት ባገኘው ጂን ሥራውን በሙሉ የሚረከበው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ኒውክሊየሶቹ አሥራ ሦስት ጊዜ ከተከፈሉ በኋላ ነው፤ የእናቲቱም ግልባጮች በዚያው ጊዜ አብዛኞቹ ይደመሰሳሉ። እስከዚያ ድረስ ልጁ የሚኖረው በእናቱ ትእዛዝ ነው።

ትእዛዙ ከጎደለ ምን ይሆናል? እናቲቱ የምትሠራ የባይኮይድ ጂን ከሌላት፣ ልጁ ከአባቱ ደኅናውን ጂን ቢወርስም እንኳ አያድነውም፤ ራስና ደረት ሳይኖረው፣ በራሱ ስፍራ ሌላ የጅራት ጫፍ ወጥቶበት ይሞታል። ደኅናው ጂን አለው፤ ግን ጊዜው አልፏል። ይህን ዓይነት ነገር የገለጡት በጀርመን አገር የሠሩት ክርስቲያኔ ኑስላይን ፎልሃርድ፣ ኤሪክ ቪሻውስና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ሁለቱ ከአሜሪካዊው ኤድዋርድ ሉዊስ ጋር በ1995 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። በንብ ደግሞ ባይኮይድ የሚባለው ጂን ጭራሹን የለም፤ እናቲቱ በሌሎች ግልባጮች ያንኑ ሥራ ትሠራለች። ድንጉላው እንዲያውም ካልተዳቀለ እንቁላል የሚወጣ በመሆኑ አባት የለውም፤ ይህን ያን ጂርዞን የተባለ ቄስ በ1845 አመልክቷል።

እንግዲህ ስዋመርዳም የት ላይ ሳተ? በእንቁላሉ ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠ ነገር መኖሩን ማመኑ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ የተቀመጠው ራሱ ልጁ ነው ማለቱ ነው። የተቀመጠው የእናት መልእክት ነበር፤ ይህም በእርሱ ማጉሊያ ሊታይ አይችልም።

ያ ሰው ግን በዚህ ወቅት በሌላ ጥያቄ ይቃጠል ነበር። በአማርኛ ነፍሳት ስንል ትንንሾቹን ፍጥረታትም የሰውንም ነፍሶች ማለታችን ነው፤ ስዋመርዳም በሁለቱ መካከል ተቀደደ። የፍጥረትን ጥበብ ሳደንቅ የምወደው እግዚአብሔርን ነው ወይስ የራሴን ዝና? እያለ ራሱን ይመረምር ጀመር። በዚህ ጊዜ አንትዋኔት ቡሪኞን የተባለች፣ ሃይማኖታዊ ራእይ አየሁ የምትል ሴት መጻሕፍት እጁ ገቡ፤ ይጻጻፉም ጀመር። በአንድ ቀን ከውኃ ወጥታ፣ ወልዳ፣ ስለምትሞተው ዝንብ የጻፈውን መጽሐፍ በ1675 ያሳተመው የእርሷን ፈቃድ ጠይቆ ነው። ስለ ሐር ትል የጻፈውን ግን ቀደደው፤ ሥዕሎቹ ብቻ ተርፈው በስቴኖ እጅ ወደ ጣሊያናዊው ማልፒጊ ተላኩ። በዚያው ዓመት ወደ ሽሌስቪግ ተጉዞ ከቡሪኞን ማኅበር ጋር ተቀመጠ፤ ለማኅበሩ መኖሪያ ለመለመንም እስከ ኮፐንሃገን ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። በ1676 ወደ አምስተርዳም መጣ።

ሴትዮዋን ብቻ ጥፋተኛ የሚያደርጉ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ ግን ይህ ፍርድ የቸኮለ ይመስለኛል። ጥያቄው እርሷ ከመምጣቷ በፊት በእርሱ ውስጥ ነበረ፤ ደግሞም ከሽሌስቪግ ሲመለስ ምርምሩን ጨርሶ አልተወም። በ1678 የአንዲት ቅማልን ውስጠ አካል መርምሮ፣ የፈጣሪን እጅ በእርሷ ውስጥ ተመልከት ሲል ለወዳጁ ለቴቬኖ ልኮለታል። ይህን የሚጽፍ ሰው ሁለቱን ነፍሳት ለማስታረቅ ገና እየታገለ ነበር።

አባቱ በ1678 ሞተ። ከዚያ በኋላ ከእኅቱ ጋር የርስት ክርክር፣ የማይለቀው የወባ ትኩሳት፣ ስብስቡን ሊሸጥ ፈልጎ ገዢ ማጣት ተከታተሉበት። አንድ ጊዜ 12,000 ፍሎሪን የተባለለት ስብስብ በሕይወቱ ሳለ አልተሸጠም፤ ከሞተ በኋላ ተበታተነ። በየካቲት ወር 1680፣ በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ቡሪኞንም በዚያው ዓመት ሞተች። በየመጽሐፉ የእርሱ ነው እየተባለ የሚታተመው ምስል ደግሞ ከሬምብራንት አንድ ሥዕል የተወሰደ የሌላ ሰው ፊት ነው፤ የስዋመርዳም እርግጠኛ ምስል አልተገኘም።

የንቡ ጥናት፣ ሥዕሎቹና ሌሎቹ ጽሑፎች በኑዛዜ ለቴቬኖ ተሰጡ። ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ በፈረንሳይ ሃምሳ ዓመት ያህል ሳይታተሙ ተቀመጡ። በ1727 የላይደኑ መምህር ሄርማን ቦርሃፈ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ ወደ ሆላንድ አመጣቸው፤ በ1737ና በ1738ም በሆላንድኛና በላቲን ጎን ለጎን አሳተማቸው። ንጉሡ ሴት ሆና በሙሉ ሥዕሏ ለዓለም የታየችው ያን ጊዜ ነው።